በር የሚከፍት ወረቀት

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ኪራይ ቤትን እንደ መሻገሪያ ነው የሚያየው። ዕቁብ ይጥላል፣ ለኮንዶሚኒየም ይቆጥባል፣ ዕጣ ይጠብቃል፤ የራሱ ቤት እስኪገባ ድረስ ኑሮው የተጀመረ አይመስለውም። እኔም ጀርመን የገባሁት ይህንኑ ስሜት ይዤ ነበር። እዚያ ግን ከሕዝቡ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ተከራይ ነው፤ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ውስጥ ተከራይ እንዲህ የበዛበት የለም። ሐኪሙም፣ የባንክ ሠራተኛውም፣ ጡረታ የወጣው መምህርም በኪራይ ቤት ወልዶ ያሳድጋል፣ በኪራይ ቤት ያረጃል፤ "ምስኪን" የሚለው ማንም የለም።

የሄድኩት የእህቴን ልጅ ለመጠየቅ ነበር። ነርስ ናት፤ ቋንቋውን ለፍታ ተምራ፣ ፈተናውን አልፋ፣ ፍራንክፈርት አካባቢ ሥራ አግኝታለች። አሠሪዎቿ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ጊዜያዊ ክፍል ሰጥተዋት፣ ከዚያ በኋላ የራስሽን ፈልጊ ብለዋታል። ስደርስ ፍለጋው ላይ ነበረች። ስለዚህ ከተማ ባየሁ ቁጥር ሙዚየሙንና ቤተ ክርስቲያኑን ከማየቴ በፊት የምጠይቀው አንድ ነገር ሆነ፦ እዚህ ሰው ቤት የሚያገኘው እንዴት ነው?

ፍራንክፈርት በማይን ወንዝ ዳር የቆመች የባንክ ከተማ ናት። ፎቆቿ ከሩቅ ይታያሉ፤ ሕዝቧ ግን ማታ ማታ ከወንዙ ማዶ፣ ዛክሰንሃውዘን በሚባለው ሰፈር፣ ረጅም የእንጨት ጠረጴዛ ላይ ከማያውቀው ሰው ጋር ተጠጋግቶ ተቀምጦ ከፖም የተጠመቀ ጎምዛዛ መጠጥ ይጠጣል። ከሰባት ዓይነት ቅጠል የሚሠራ አረንጓዴ ስልስ አላቸው፤ ከተቀቀለ እንቁላልና ከድንች ጋር ነው የሚበላው። ወደ ዋናው ባቡር ጣቢያ ሲመለሱ ደግሞ የበርበሬ ሽታ ይቀበላል። የእኛና የኤርትራውያን ምግብ ቤቶች እዚያ ናቸው፤ ቤት ፈላጊው አበሻም መጀመሪያ የሚጠይቀው እዚያ ነው።

የምግብ ቤቷ ባለቤት፣ ወጣቶቹ ሁሉ "እትዬ" የሚሏት ሴት፣ የልጅቷን ስልክ ተቀብላ የቤት ማስታወቂያ አንድ በአንድ አነበበችላት። "ይቺን ዋጋ አትመኛት" አለቻት፤ "ይሄ ካልትሚተ ነው፣ ባዶ ግድግዳው ብቻ። ውሃውን፣ ማሞቂያውን፣ የቆሻሻውን፣ የደረጃውን መብራት ደምረሽበት ነው ቫርምሚተ የሚሆነው። ኤሌክትሪክና ኢንተርኔት ደግሞ ለብቻው።" ከዚህ ሌላ ቴሌቪዥን ኖረም አልኖረ ከየቤቱ በወር 18.36 ዩሮ ለሕዝብ ብሮድካስት ይከፈላል። በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ የማሞቂያውና የውሃው ሒሳብ ይተሳሰባል። ክረምቱ ከበረታ፣ ወይም ቤቱ አሮጌ ሆኖ ሙቀት የማይዝ ከሆነ፣ ያልታሰበ የጥቂት መቶ ዩሮ ጭማሪ በፖስታ ይመጣል። ከደመወዙ ላይ ኪራዩን ብቻ ቀንሶ "ይተርፈኛል" ብሎ የሚመጣ ሰው የሚደናገጠው ያን ጊዜ ነው።

ከእህቴ ልጅ ጋር ቤት ለማየት ሄድኩ። ጋሉስ በሚባለው፣ ድሮ የፋብሪካ ሠራተኞች በሚኖሩበት ሰፈር ያለች ሁለት ክፍል ቤት ናት። ሰልፉ ከሦስተኛ ፎቅ በደረጃው ወርዶ ግቢው ውስጥ ደርሷል። ሁሉም ሰው እጁ ላይ ማኅደር አለ። ከፊታችን የቆሙት ጥንዶች ሲያገላብጡት አየሁት፦ የሦስት ወር የደመወዝ ማስረጃ፣ የመታወቂያ ቅጂ፣ የቀድሞ አከራያቸው "የኪራይ ዕዳ የለባቸውም" ብሎ የፈረመበት ደብዳቤ፣ ሹፋ የሚባለው የዱቤ ታሪክ ማስረጃ፣ በመጨረሻም ፎቶግራፋቸው ያለበትና ስለ ራሳቸው የሚተርክ አንድ ገጽ። አያጨሱም፣ እንስሳ የላቸውም፣ ጸጥታ ይወዳሉ። የእህቴ ልጅ ማኅደር ውስጥ የነበረው የሥራ ውሏና የአንድ ወር ደመወዟ ነበር። ቤቱን ያሳየን ሰው ማኅደሮቹን ሰብስቦ፣ እጃችንን ጨብጦ አሰናበተን። መልስ አልመጣላትም።

ሹፋ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1927 በርሊን ውስጥ ነው። መነሻው የመብራት ሒሳብ ነበር፤ ፍጆታውን በወቅቱ የሚከፍል ቤተሰብ የኤሌክትሪክ ዕቃ በዱቤ ቢወስድም ይከፍላል ከሚል ሐሳብ የመጣ አሠራር ነው። ዛሬ ከባንክ እስከ ስልክ ድርጅት፣ ከስልክ ድርጅት እስከ አከራይ ድረስ ሰው የሚመዘንበት ሚዛን ሆኗል። እኛ አገር ይህን ሥራ የሚሠራው ዋስ ነው። አከራይዋ "የማን ልጅ ነሽ? የት ነው የምትሠሪው? ባል አለሽ? ማን ያውቅሻል?" ትላለች፤ ደላላው መሃል ገብቶ "ጨዋ ልጅ ናት፣ እኔ አውቃታለሁ" ይላል፤ ኮሚሽኑን ይቀበላል። ለረጅም ጊዜ የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ አምጡ ማለትም የተለመደ ነበር።

የቱ ይሻላል ብዬ ብዙ አሰብኩ። ወረቀቱ ብሔርሽ ምንድን ነው፣ ማታ ስንት ሰዓት ትገቢያለሽ አይልም፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን ወረቀቱ ያለፈ ኑሮን ይጠይቃል፣ እዚያው አገር የተኖረ ኑሮ። ትናንት የገባ ሰው ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ዐሥር ዓመት ኪራዩን ሳያዛንፍ የከፈለ ቢሆን እንኳ ለሹፋ ዛሬ እንደተወለደ ነው። በዘር ለይቶ ማግለልን እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የእኩልነት ሕግ ይከለክላል፤ ይሁንና መቶ ማኅደር ፊቱ የተቆለለ ሰው የትኛውን ገልጦ የትኛውን እንደሚያልፍ ማን ይመሰክራል? ያቺን ልጅ ከደረጃው ስትወርድ ሳያት ያመመኝ ይህ ነው።

ችግሩ በዚህ አያበቃም። አዲስ ቤት የገባ ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ መመዝገብ አለበት፤ ለዚህ ደግሞ አከራዩ የፈረመበት ወረቀት ያስፈልጋል። የግብር መለያ ቁጥሩ በፖስታ የሚመጣው በተመዘገበው አድራሻ ነው። ባንኩም አሠሪውም አድራሻ ይጠይቃሉ፤ አከራዩ ደግሞ የባንክና የደመወዝ ማስረጃ ይፈልጋል። ብዙ አበሾች መጀመሪያ ሰሞን ዘመድ ጋር ተጠግተው የሚኖሩት ወጪ ለመቆጠብ ብቻ አይደለም፤ ስማቸው በፖስታ ሳጥን ላይ የሚጻፍበት በር ስለሚፈልጉም ነው።

ሌላ ቀን ያየነው ቤት ኩሽና አልነበረውም። ክፍሉ አለ፤ ከግድግዳው የወጣ የውሃ ቧንቧ አለ፤ ምድጃ፣ የዕቃ ማጠቢያ፣ ቁም ሣጥን የሚባል ነገር ግን የለም። ከጣሪያው መሃል መብራት የሌለው ሽቦ ተንጠልጥሏል። የቀድሞው ተከራይ ሁሉንም ነቅሎ ሄዷል፤ ያልነቀለ እንደሆነም አዲሱ ተከራይ እንዲገዛው ነው የሚተወው። ተከራይ ቤቱን እንደ ራሱ ቆጥሮ ብዙ ዓመት ስለሚኖርበት ኩሽናውን በገንዘቡ ያሠራል፣ ሲወጣም ንብረቱን ይዞ ይወጣል። ምክንያቱ ሲገባኝ ተገቢ መሰለኝ፤ ለአዲስ ሰው ግን ከኪራዩና ከማስያዣው ላይ ሌላ ሺህ ዩሮ ማለት ነው።

የሚደንቀው፣ የዘመናዊ ኩሽና እናት የምትባለው ይህችው ከተማ መሆኗ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፍራንክፈርት በቤት እጦት ተጨንቃ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1930 ድረስ የከተማዋን ግንባታ የመራው ኤርንስት ማይ የሚባል አርክቴክት ለሠራተኛው ሕዝብ ከ10 ሺህ በላይ ቤቶች አሠራ። ከመንደሮቹ አንዱ፣ ሮመርሽታት፣ ኒዳ በምትባለው ትንሽ ወንዝ ዳር ዛሬም ይኖርበታል፤ አንደኛው ቤት ለጎብኚ ክፍት ነው። የእነዚህን ቤቶች ኩሽና የነደፈችው ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ የምትባል የቪየና አርክቴክት ናት። ዓመቱ እ.ኤ.አ. 1926 ነው። ስፋቱ ሁለት ሜትር በሦስት ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል፣ ዝንብ ሰማያዊ አይወድም ተብሎ። በስተቀኝ ለዱቄት፣ ለሩዝ፣ ለስኳር የተሠሩ ትናንሽ የአሉሚኒየም መሳቢያዎች ተደርድረዋል፤ እጀታና አፍ አላቸው፣ ተስበው ወጥተው በቀጥታ ድስቱ ውስጥ ይገለበጣሉ። ሴትየዋ አንድ እርምጃ እንኳ ሳታባክን ሠርታ እንድትጨርስ በሰዓት ተለክቶ የተሠራ ነው።

የእህቴ ልጅ ኩሽናው መሃል ቆማ እጆቿን ዘረጋች፤ ሁለቱንም ግድግዳ ልትነካ ምንም አልቀራት። "አክስቴ፣ ምጣዱ የት ይቀመጣል?" አለችኝ። ለእንጀራ የሚሆን ቦታ እውነትም የለም። እናቶቻችን ሽንኩርት ሲከትፉ ጎረቤት አጠገባቸው ቁጭ ብላ ታወራለች፣ ልጅ በእግራቸው መሃል ያልፋል፣ ቡናው ሳሎን ይፈላል። ያ ሁሉ ጊዜ ያባክናል፤ የቤቱ ሕይወት ግን ያ ነበር። ሊሆትስኪ የፈለገችው የሴቶችን ድካም መቀነስ ነው፤ ተሳክቶላታልም። ሆኖም ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ ክፍል ሥራውን የአንድ ሰው ብቻ አድርጎ ያስቀረዋል። ዛሬ አዲስ አበባ ላይ የምንሠራቸውን የኮንዶሚኒየም ኩሽናዎች ሳስብ፣ ሚጥሚጣና ሽሮ የሚፈጭ፣ እንጀራ የሚጋግር ቤተሰብ የት ይግባ ብሎ የጠየቀ ሰው የነበረ አይመስለኝም። ነገሩ ከጀርመንም የራቀ አይደለም፤ ኮንዶሚኒየሙን በዝቅተኛ ዋጋ የመገንባት ዘዴ አዲስ አበባ ላይ ያስጀመረው የጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት፣ ጂቲዜድ፣ ነበር።

ከፍራንክፈርት ቀጥዬ የሄድኩባት ሽቱትጋርት ተራራ የከበባት ከተማ ናት፤ ወይን የተተከለባቸው ቁልቁለቶች መሃል ከተማ ድረስ ይወርዳሉ። ምግባቸው ውስጥ ማውልታሽ የሚባል በሊጥ የተሸፈነ ሥጋ አለ። በጾም ወቅት መነኮሳት ሥጋውን በሊጥ ሸሽገው ከአምላክ ዓይን ሰወሩት የሚል አፈ ታሪክ ይነገርለታል። የሁዳዴን ጾም ለሚያውቅ አበሻ ጨዋታው ወዲያው ይገባዋል። እዚያ ያስተናገደችኝ የአገሬ ልጅ በሯ ላይ የተንጠለጠለች ትንሽ ሰሌዳ አሳየችኝ። ኬርቮኸ ይሉታል፦ ሰሌዳዋ በሩ ላይ የተሰቀለችበት ቤት በዚያ ሳምንት ደረጃውንና መተላለፊያውን ይጠርጋል፤ ሲጨርስ ለጎረቤቱ ያሳልፋታል። ልማዱ ከ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የመጣ ነው ይላሉ። "መጀመሪያ ሰሞን ንቀውኝ መስሎኝ ነበር" አለችኝ፤ "በኋላ ሳየው ዶክተሩም ይጠርጋል።" ከማታው አራት ሰዓት በኋላ ጸጥታ ነው። በክረምት መስኮት ተከፍቶ ቤቱ ይናፈሳል፣ ግድግዳው እንዳይሻግት። የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ስታቁላላ ጎረቤቶቿን አስቀድማ ነግራ፣ ከወጡም አቅምሳቸው ነው የተግባባችው። እንዲህ ያለውን ወግ ማንም አከራይ በውሉ ላይ አይጽፍልህም።

አውግስቡርግ ስደርስ ያየሁት ከሁሉም በላይ ነው። ፉገራይ ይባላል። ያዕቆብ ፉገር የሚባል ነገሥታትን የሚያበድር ባለጠጋ እ.ኤ.አ. በ1521 ለከተማዋ ድሆች ያቆመው መንደር ነው። ዛሬም ሰው ይኖርበታል። የዓመት ኪራዩ አንድ የራይን ጉልደን ነበር፤ ዛሬ ባለው ገንዘብ 88 የዩሮ ሳንቲም ነው፤ በወር ሳይሆን በዓመት። ከኪራዩ ጋር ነዋሪው በየቀኑ ሦስት ጸሎት ለመሥራቹና ለቤተሰቡ እንዲያደርስ ይጠበቅበታል፤ አቡነ ዘበሰማያት አንዱ ነው። የሞዛርት ቅድመ አያት፣ ግንበኛው ፍራንትስ ሞዛርት፣ እዚያ ኖሯል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ ተመትቶ እንደገና ታነጸ። የየቤቱ የበር ደወል መሳቢያ ቅርጹ የተለያየ ነው፤ አንዱ እንደ ቅጠል፣ ሌላው እንደ ኳስ። የመንገድ መብራት ባልነበረበት ዘመን ሰው በጨለማ ዳብሶ የራሱን በር እንዲለይ ነው አሉኝ። በእጄ ዳሰስኩት፤ ብረቱ በስንት ትውልድ እጅ ልሟል።

እኛም ጋ ለድሃ መስጠት አዲስ አይደለም፤ ደጀ ሰላሙ፣ ሰንበቴው፣ ተዝካሩ አለ። ግን ምጽዋታችን ብዙ ጊዜ የዕለት እንጀራ ነው። አምስት መቶ ዓመት የሚያስጠልል ቤት ለድሃ ሠርቶ ያለፈ ባለጠጋ ብንቆጥር ስንቱን እናገኛለን? አዲስ አበባ ላይ ፎቅ ለሚያቆሙ ሀብታሞቻችን ይህን ጥያቄ ፊት ለፊት ባቀርብላቸው ደስ ይለኛል።

ከአውግስቡርግ ሙኒክ ቅርብ ነው፤ ኑሮው ግን ሩቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ለትምህርት ወደ ጀርመን የሚመጣ ሰው ለቪዛው በዝግ ሒሳብ ማስቀመጥ የነበረበት 11,904 ዩሮ ነው፤ በወር 992 ዩሮ ይለቀቅለት ነበር። ሙኒክ ላይ በጋራ ቤት ውስጥ የምትገኝ አንዲት ክፍል 800 ዩሮ ገደማ ይጠየቅባታል። በቀረው የጤና መድን ይከፈላል፣ ይበላል፣ ይለበሳል። ሁለት ከተሞች ተቀብለውት የሚያማርጥ ተማሪ ካለ፣ ከዩኒቨርሲቲው ስም በፊት የከተማውን ኪራይ ይጠይቅ።

ላይፕትሲግ ያገኘሁት ሰው በደርግ ጊዜ የመጣ ነው። በዚያን ዘመን ወደ ምሥራቅ ጀርመን የሚላኩ የውጭ ተማሪዎች ቋንቋ የሚማሩት እዚያው ሄርደር ኢንስቲትዩት ነበር። "ጋሼ፣ ያኔ ኪራይ ስንት ነበር?" አልኩት። በካሬ ሜትር አንድ ማርክ ገደማ እንደነበር ነገረኝ። "ርካሽ ነበር። ግን ጣሪያው ሲያፈስ የሚጠግነው የለም፤ ባዶ ቤትም አይገኝም፣ ወረፋ ነው።" ወዲያው ሁለታችንም ስለ ቀበሌ ቤት ማውራት ጀመርን። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ፣ ቁጥር 47፣ የርካሽ ቤቶችን ኪራይ እስከ ግማሽ ድረስ ቀነሰ። ስንት ቤተሰብ በዚያ ተነፈሰ! ግን ኪራዩ ቆርቆሮ መቀየሪያ እንኳ ስለማይሆን ቤቱ በነዋሪው ላይ አረጀ። ርካሽነት ብቻውን ቤት እንደማያቆም ሁለቱም አገሮች በአንድ ዘመን አይተውታል።

በርሊንን በችኮላ ነው ያለፍኩት፤ አንድ ነገር ግን ልቤ ውስጥ ቀርቷል። የጀርመን ሕግ አንዴ ቤት የገባን ተከራይ አጥብቆ ይጠብቃል። አከራይ ያለ በቂ ምክንያት አያስወጣም፤ ምክንያት ቢኖረው እንኳ ከስምንት ዓመት በላይ ለኖረ ሰው የዘጠኝ ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ደግሞ ቤት በጠበበባቸው ከተሞች አዲስ ውል ከአካባቢው ዋጋ ከ10 በመቶ በላይ እንዳይበልጥ ተደንግጓል፤ ለአዳዲስ ሕንጻዎች ግን አይሠራም። ስለዚህ የቆየ ውል ያለው ሰው አይወጣም፤ ብቻዋን የቀረች አሮጊት በአራት ክፍል ቤት በድሮ ዋጋ ትኖራለች፣ አዲስ የመጡ ወጣት ባልና ሚስት ለአንድ ክፍል ከእሷ በላይ ይከፍላሉ። ቁጣው እ.ኤ.አ. በ2021 መስከረም በርሊን ላይ በሕዝበ ውሳኔ ታይቷል፤ የትልልቅ ኩባንያዎች ቤቶች ወደ ሕዝብ ይዙሩ የሚለው ሐሳብ ከግማሽ በላይ ድምፅ አገኘ። እኔ አሮጊቷ እንድትወጣ አልፈልግም። እኛ አገር በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ማዘዙን በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ። ሆኖም ሕጉ የገባውን ሰው ሲጠብቅ፣ ያልገባው የሚገባበት አዲስ ቤት በብዛት ካልተሠራ በሩ እየጠበበ ይሄዳል። በርሊን የምታሳየው ይህን ነው።

የእህቴ ልጅ በመጨረሻ ቤት አገኘች። ያገኘችው ግን በማኅደሯ አልነበረም። አብራት የምትሠራ የክሮኤሽያ ተወላጅ ነርስ ፍራንክፈርት አጠገብ ባለችው ኦፈንባህ ያለውን ቤቷን ልትለቅ ስትል ለአከራይዋ "ይቺን ልጅ እኔ አውቃታለሁ" አለችላት። ኩሽናውንም በትንሽ ገንዘብ ተወችላት። ያም አገር ቢሆን የሰው ምስክርነት ዋጋ አለው።

ወደ ጀርመን ለመሄድ ለተነሣ አንባቢ የምለው ይህ ነው። ከአገር ሳትወጣ አከራይህ "ኪራይ ሳያጓድል ከፍሏል" ብሎ እንዲፈርምልህ አድርግና በጀርመንኛ አስተርጉመው፤ ሹፋን ባይተካም ባዶ ማኅደር ከመያዝ ይሻላል። ያላየኸውን ቤት ቁልፍ በፖስታ እልክልሃለሁ ለሚልህ ሰው ገንዘብ አትላክ። ማስያዣው ከሦስት ወር ካልትሚተ እንዲበልጥ ሕጉ አይፈቅድም፤ በሦስት ወር ከፋፍለህ መክፈልም መብትህ ነው። ቤቱን ያስተዋወቀው ደላላ በአከራዩ የተቀጠረ ከሆነ ኮሚሽኑን የሚከፍለው አከራዩ እንጂ አንተ አይደለህም። በየከተማው የተከራዮች ማኅበር አለ፤ በዓመት ጥቂት መዋጮ ከፍለህ አባል ስትሆን ውልህንና የዓመት ሒሳብህን የሕግ ባለሙያ ያይልሃል። ቀድመህ የገባህ ከሆንክ ደግሞ፣ ቤት ስትለቅ ከአከራይህ በፊት ለአንድ አዲስ ለመጣ ሰው ንገር።